መክፈቻ የሌለበት ቤት

በዓል በደረሰ ቁጥር ዘመዶቼ አፋቸውን ገጥመው ነው የሚስሙኝ። ጉንጫቸውን ያስነኩኝና ቶሎ ዞር ይላሉ፤ ትንሽ ከቆዩ ጥርስ የምነቅልባቸው ይመስላቸዋል። የጥርስ ሐኪም መሆን ይሄ ነው። አክስቴ ኬክ ስትበላ ዓይኔ ካረፈባት ሹካዋን ታስቀምጥና «ለቅምሻ ያህል ነው» ትለኛለች። እኔ እኮ ምንም አላልኳትም። እኔ ራሴ ሁለተኛዬን እየቆረስኩ ነው።

ጥፋቱ በከፊል የሬዲዮው ነው። በዓል ሊገባ ሲል አንድ ጣቢያ ይደውልልኝና «ዶክተር፣ አድማጮቻችን በበዓሉ ጥርሳቸውን እንዴት ይጠብቁ?» ይለኛል። እኔም ያንኑ እደግማለሁ። ጣፋጩን ቀኑን ሙሉ እየዞራችሁ ከምትቀማምሱት፣ ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ብሉትና ይውጣላችሁ። ለስላሳ ስትጨርሱ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፤ ወዲያው ግን አትቦርሹ፣ አሲዱ ጥርሱን አለስልሶታልና ግማሽ ሰዓት ያህል ስጡት። በረዶ አትቆርጥሙ። አጥንት በጥርሳችሁ አትስበሩ። ቆርኪ በጥርሳችሁ አትክፈቱ። ዘንድሮ ይህን ሁሉ ስደረድር የፕሮግራሙ አዘጋጅ ከረሜላ እየመጠጠ ነበር። ከረሜላው ከጥርሱ ጋር ሲንቋቋ በማይክሮፎኑ በኩል ለሕዝብ ይተላለፋል።

«ግን ዶክተር፣ በዚህ ዘመን ቆርኪ በጥርሱ የሚከፍት ሰው አለ?» ብሎ ሳቀ።

«አንዳንድ አይጠፋም» አልኩ።

አባቴ አለ።

አባቴ ሶፋ ሠሪ ነው። የሶፋ ሠሪ ሦስተኛ እጁ አፉ ነው፤ በአንድ እጁ ጨርቁን ይወጥራል፣ በሌላው መዶሻውን ይይዛል፣ ትንንሾቹ ሚስማሮች በጥርሱ ተነክሰው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ልጆች ሆነን ወርክሾፑ ስንሄድ ሚስማሩን ሳያወጣ ነበር የሚቆጣን። ዛሬም ድረስ አባቴ አፉ ባዶ ሆኖ ሲቆጣ የምሩን አይመስለኝም። ጥርሱን እንግዲህ እንደ ማንኛውም የሥራ ዕቃው ነው የሚያየው፤ ይገለገልበታል፣ ይመካበታል፣ ሲደንዝ ደግሞ ይነጫነጭበታል።

በበዓል ቀን ይህ ዕቃ መድረክ ላይ ይወጣል። ምግቡ ቀርቦ ሁላችንም ስንቀመጥ አባቴ ይነሳና እጅጌውን ይሰበስባል። ለጥርስ ሥራ እጅጌ መሰብሰብ ለምን እንዳስፈለገ ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ጠርሙሱን አጋድሞ መንጋጋው ላይ ያሳርፈዋል። ጧ። ቆርኪውን መዳፉ ላይ ተፍቶ ለጠርሙሱ ባለቤት ያስረክባል። መጀመሪያ ለትንሿ ልጅ፣ ከዚያ ለታላቅየው፣ እንዲህ እያለ እስከ ትልቅ ሰው ድረስ ይዘልቃል። ልጆቹ በየጧታው ያጨበጭባሉ። ሰፈሩ «መክፈቻው» ይለዋል። የወንድሜ ትንሿ ልጅ ትምህርት ቤት «አያትሽ ሥራቸው ምንድን ነው?» ብትባል «ይከፍታል» ብላ መልሳለች።

ቤታችን ታዲያ መክፈቻ ገብቶበት አያውቅም። መክፈቻ መግዛት ማለት በአባቴ ላይ ሰው መቅጠር ማለት ነው። አንድ ጊዜ እንግዳ መጥቶ ከቁልፉ ጋር የተንጠለጠለ መክፈቻ ቢያወጣ፣ እናቴ እጁን ቀብ አድርጋ «ኪስህ ክተታት የኔ ልጅ፣ ያይሃል» አለችው።

በዓሉ ሊገባ ሲል ነው አባቴ ክሊኒኬ የመጣው። ሳይደውል፣ ኮት ለብሶ፣ ጉንጩን በመሐረብ ደግፎ። ነርሷ «አባባ፣ ይግቡ እንጂ፣ ልጅዎ እኮ ናት» ብትለው «ተራዬን እጠብቃለሁ» ብሎ ከሰልፉ ጋር ተቀመጠ። አወቅኩ። አባቴ ተራ የሚጠብቀው ሲፈራ ብቻ ነው።

ወንበሩ ላይ አጋደምኩትና መብራቱን አወረድኩ።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ዳቦ ስበላ ቀጭ አለች።»

የታችኛዋ የቀኝ መንጋጋው ከመሃሏ ተሰንጥቃለች። ጎረቤቶቿ ቀድመዋት ሄደዋል፤ በቀኝ በኩል ማኘክ የሚባለው ነገር በሙሉ በእሷ ትከሻ ላይ ነው።

«ዳቦው ቆርኪ ነበረው?»

መስታወቴ አፉ ውስጥ ስለነበር ለዝምታው ጥሩ ሰበብ አገኘ። ሳወጣለት ግን ሰበቡ አለቀበት።

«ልምምድ ነው» አለ።

«የምን ልምምድ?»

«በዓሉ ደረሰ አይደል እንዴ። እንዲያው በአንዷ ልሞክራት ብዬ። ሰው ተነስቶ ዝም ብሎ መድረክ ላይ አይወጣም።»

ልስቅ ነበር፤ ስንጥቋን ባላያት ኖሮ። አደነዘዝኩት፣ ጥርሷን ሞረድኳት፣ ልኳን ወሰድኩ፣ ጊዜያዊ ሽፋን አለበስኳት። ዋናው ሽፋን ከበዓል በኋላ ነው የሚደርሰው። የሚሠሩት ሰዎችም በዓል አላቸው።

«አሁን ስማኝ» አልኩት። «ይህ ሽፋን ለዓይን ነው። ማስቲካ እንኳ ይዞት ይነሳል። ቆርኪ ካስነከስካት ደግሞ ጥርሷ እስከ ሥሯ ትሰነጠቃለች፤ ያን ጊዜ መንቀል ነው እንጂ ሌላ መላ የለኝም።»

«አጥንት?»

«አይሆንም።»

«ለውዝ?»

«አይሆንም።»

«ያቺ የምትለጠጠዋ ከረሜላስ?»

«እሷንማ ጭራሽ አታስባት።»

«ታዲያ በዓሉን በሰው አፍ ነው የምበላው?»

«ሥጋውን አድቅቀህ ብላ፣ ኬክ ብላ፣ የፈለግከውን ጠጣ፣ በግራህ አኝክ። ስትጨርስ አፍህን በውሃ ተጉመጥመጥ። ቆርኪ ብቻ አትንካብኝ።»

ተነስቶ ተቀመጠ። ከንፈሩ ደንዝዞ በአንድ በኩል ተንጠልጥሏል። መሐረቡን አራት ማዕዘን አድርጎ አጠፈው፣ ፈታው፣ እንደገና አጠፈው።

«ምግቡን እናትሽ ትሠራለች» አለ። «ሥጋውን ወንድምሽ ይቆርጣል። ኬኩን አንቺ ታመጫለሽ። እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን ልሠራ ነው?»

«ትበላለህ።»

«እሱንማ ማንም ይበላል።»

ተምሬ ያመጣሁት የድድ መልስና የሥር መልስ ነው።

ከበሩ ሳይወጣ ዞር አለ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ለወንድምሽም።»

«አባዬ፣ ቢያውቁ እኮ ጥሩ ነው፣ ይረዱሃል...»

«ሐኪም የታካሚዋን ምስጢር ትጠብቃለች ብለሽ ስትምይ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። አጨብጭቤያለሁ።»

«እሺ። አንተም እንግዲህ ቆርኪ አልነካም ብለህ ቃል ግባልኝ።»

«አስብበታለሁ» አለ። ሶፋው ያልደረሰለትን ደንበኛም የሚያሰናብተው በዚሁ ቃል ነው።

የቀሩትን ቀናት መላ ስፈልግ ባጀሁ። ለእናቴ እንዳልነግር ምያለሁ። የጣሳ መጠጥ ገዝቼ እንዳልሄድ፣ በአደባባይ እንደ መስደብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተነስቼ «አባዬ ተው» እንዳልል፣ የሬዲዮዋ ሴትዮ መጣች ብለው ሁሉም አፋቸውን ይገጥማሉ፣ እሱ ደግሞ በእልህ ይነክሳል። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ፤ እንደ ብዙዎቹ ብልጭ የሚሉ ሐሳቦች እሱም ግማሹ ጨለማ ነበር። ቆርኪዎቹን ቀድሜ ባላላቸውስ? ጥርሱን ነካ ሲያደርጋቸው ይወልቃሉ። እሱም ይከፍታል፣ ጥርሷም ትተርፋለች፣ እኔም አልተነፈስኩም።

መክፈቻ ገዛሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ሻጩ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ግራ ቀኝ አየሁ።

በበዓሉ ቀን ረፋድ ላይ ኬኬን ይዤ ወላጆቼ ቤት ደረስኩ። አባቴ ሳሎን ወንበር እየደረደረ ነው፣ እናቴ ኩሽና ናት። ዕቃ ቤት ገባሁና በሩን መለስ አደረግኩት። የጠርሙሱ ሳጥን አሮጌ የሶፋ ስፕሪንግና የስፖንጅ ቁራጭ ከተከመረበት ጥግ ተቀምጧል። ተንበርክኬ አንድ በአንድ በመክፈቻው ቀና አደረግኳቸው፣ ከዚያ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። ስስስ ይላሉ ብዬ ትንፋሼን ውጬ ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ድምፅም አላሰሙ። ፋብሪካው ዘንድሮ ጋዝ ቆጥቧል አልኩ በሆዴ። እኔ እንግዲህ በጥርስ ሥር ውስጥ ስለሚታመቅ ግፊት ፈተና የተፈተንኩ ሴት ነኝ፤ ጠርሙስ ውስጥ ስላለው ግን ትዝም አላለኝ።

«ማነው ዕቃ ቤት ያለው?» አለች እናቴ ከኩሽና።

«እኔ ነኝ እማዬ። ሽንኩርት ላመጣልሽ ነው።»

«ሽንኩርቱ እዚህ ነው ያለው።»

«እሺ፣ ታዲያ መጣሁ።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። እናቴ ነገር ሳትጠይቅ የምታልፍ ሴት አይደለችም፤ ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ። ስወጣ ደግሞ ወንድሜ በር ላይ ቆሟል፣ አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ወንድሜ የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ነው፤ የተጋጨ መኪና ዞሮ አይቶ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይፈርዳል፣ ቤትም ሲመጣ ይኸው ነው።

«አንቺም ሽንኩርት ፈልገሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«አገኘሽ?»

«ኩሽና ነው አሉ።»

«እኔ ለማንኛውም ልየው» ብሎ ገባና በሩን መለስ አደረገው።

ምግቡ ቀረበ። የተጠበሰው ዶሮ፣ ድንቹ፣ ሰላጣው፣ የኔ ኬክ፣ ሳህን ሙሉ ለውዝና ከረሜላ። የወንድሜ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ታላቅየው አሁን በምንም ነገር መገረም የተወበት ዕድሜ ላይ ነው፣ ትንሿ ሚጢጢ ደግሞ ሁለቱን የፊት ጥርሶቿን በቅርቡ ያሰናበተች ናት። ሳጥኑ መጣ። አባቴ ተነሳ። እጅጌውን ሰበሰበ።

ከጠረጴዛው ማዶ አፍጥጬ አየሁት። አላየኝም፣ ማለቴ እንዳላየኝ ሆነ። ወንድሜን አየሁት፣ ሳህኑን ያያል። እናቴን አየኋት፣ ጨው ታስተካክላለች፤ ጨውን ማስተካከል ምን እንደሚፈልግ እንጃ።

የሚጢጢን ጠርሙስ አነሳና ወደ አፉ አስጠጋው። ቆርኪው ከጥርሱ ሳይገናኝ እንደ ባርኔጣ ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

ጧ አላለም። ምንም አላለም።

«አባባ» አለች ሚጢጢ፣ «ድምፁስ?»

«ይቺኛዋ ታማለች» አለና ሁለተኛውን አነሳ። እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውን ከሳጥኑ ሲያወጣው ቆርኪው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ቀረ። ዝም ብሎ ብርጭቆው ውስጥ ቀዳው። አረፋ የለ፣ እንፋሎት የለ፤ እንደ ዘይት ነው የወረደው። ሚጢጢ ቀመሰችው።

«የሳል መድኃኒት ነው» አለች። ለቅሶም አልነበረበት፣ መረጃ ነው የሰጠችን።

ከዚያ በኋላ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተዋሸውን ውሸት ያህል በአንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

«ሙቀት ነው» አልኩ እኔ። «ሙቀት ጋዙን ያስወጣዋል።»

«ባለሱቁ ነው» አለች እናቴ። «የከረመ ዕቃ እያወጣ ነው የሚሸጠው። ፊቱም ዘንድሮ ደስ አላለኝም።»

«ቆይ እስቲ» አለ ወንድሜ። ሥራው አሸነፈው። አንዱን ቆርኪ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። «ይሄ ጭረት የማሽን አይደለም። በሹል ነገር ከሥር...» ብሎ አቆመ። ቆርኪው ጠርዝ ላይ ሁለት ጥርስ ያለው መጎርጎሪያ የተወው ምልክት አለ። እኛ በልጅነታችን ከሶፋ ላይ ያረጀ ሚስማር የምንነቅልበትን መንቀያ አሻራ ካላወቅን ማን ያውቀዋል። ወንድሜ አባቴን አየው። አባቴ የገበታውን ጨርቅ ጠርዝ እያቃና ነው። ወንድሜ ቆርኪውን ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተ።

«የፋብሪካ ጉድለት ነው» ብሎ ፈረደ።

ወንድሜን ያን ጊዜ ወደድኩት። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረጃ ደበቀ።

ነገሩ እዚያ ላይ ይዳፈን ነበር። ግን እናቴ የወደቁትን ቆርኪዎች ልልቀም ብላ ጎንበስ ስትል ከሽርጧ ኪስ አንድ ነገር ወጥቶ ወለሉ ላይ ቅጭል አለ። አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ መክፈቻ ነበር።

አባቴ መክፈቻውን አየው፣ እናቴን አየ፣ እንደገና መክፈቻውን አየው። ወንበሩን ስቦ ቁጭ አለ። የሰበሰበውን እጅጌ ወደ ታች አወረደው፣ መጀመሪያ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን።

«በኔ ቤት» አለ።

«በኛ ቤት» አለች እናቴ። መክፈቻውን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መደበቁ አብቅቷል።

«ማን ነገረሽ?» አላትና ወደኔ ዞረ።

«እኔ አልተነፈስኩም» አልኩ።

«እሷን ተዋት» አለች እናቴ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ስታኝክ የኖርክ ሰውዬ ነህ። በቀኝህ ታኝክ ነበር፣ ሰሞኑን ወደ ግራ ዞርክ። የዳቦውን ቅርፊት በሻይ ማራስ ጀመርክ። ቅርፊት የሚያርስ ሰው ነበርክ?»

«ታዲያ ብትጠይቂኝ ምን አለ?»

«ምንም አልሆንኩም ትለኛለሃ። እኔ ደግሞ ተው ብልህ ትነክሳለህ። ስለዚህ ቆርኪውን ላላላው አልኩ፣ አንተ እንዳታውቅ። መክፈት ደስ ይልሃል፣ መክፈቻው ሲሉህ ደስ ይልሃል። እንደሱ ስትሆን ማየት ደግሞ እኔ ደስ ይለኛል።» የመጨረሻውን ድንቹን እያየች ነው የተናገረችው።

የአባቴ ጆሮ ቀላ።

ወንድሜ እጁን ኪሱ ከተተና የራሱን መክፈቻ አውጥቶ ከእናቴ መክፈቻ ጎን አኖረው። ባያወጣው ማንም አያውቅበትም ነበር።

«ከክሊኒኩ ስትወጣ አይቼሃለሁ አባዬ» አለ። «ጉንጭህን በመሐረብ ይዘህ። ሰላም ልልህ ስመጣ ከአጥሩ ጀርባ ተደበቅክ።»

«አልተደበቅኩም።»

«ጎንበስ ብለህ ነበር።»

«የጫማዬን ክር ላስር ብዬ ነው።»

«ክር የሌለው ጫማ ነበር ያደረግከው።»

እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ ከነጋዜጣው አወጣሁት። ሦስት መክፈቻ። የወንድሜ ሚስት እጇን አፏ ላይ አድርጋ «እኔ እኮ ሽንኩርቱን ምን ሆናችሁ ሁላችሁ የምትፈልጉት እያልኩ ነበር» አለች።

አባቴ ሦስቱን በየተራ አያቸው። ተቆጥቶ እንደሆነ፣ አዝኖ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ከዚያ እጁን ቀስ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ያረጀ ሚስማር መንቀያውን አውጥቶ ከመክፈቻዎቹ ጎን አስተኛው።

«ጎህ ሲቀድ ነው» አለ። «ማንም ሳይነቃ።»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ሳቋን ለመያዝ የገበታውን ጨርቅ ጠርዝ ነክሳ ነበር፣ አልያዘላትም። ከዚያ ወንድሜ፣ ከዚያ እኔ። አንዱ ጠርሙስ አራት ጊዜ ተከፍቶ አራት ጊዜ ተዘግቷል፤ ጋዙ ቢወጣ ምን ይፈረድበታል። አባቴም ሳቀ፤ ከክሊኒክ ውጪ ለዓመታት ያላየሁትን የአፉን ጓዳ ሁሉ አሳይቶን ሳቀ፣ ጊዜያዊ ሽፋኗም ከቦታዋ ሳትነቃነቅ አየኋት።

ሳቁ ሲያልቅ ግን እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ቀረ። እጅጌው እንደወረደ ነው።

«እንግዲህ አበቃ» አለ በቀስታ። ለማን እንዳለው አላወቅኩም።

ወንድሜ ሱቅ ሄዶ አዲስ ሳጥን አመጣ። ልጆቹ ጠምቷቸዋል፣ ዶሮው ቀዝቅዟል፣ ስለዚህ ቶሎ ልጨርስ ብሎ የራሱን መክፈቻ አንስቶ ወደ ሚጢጢ ጠርሙስ እጁን ሰደደ። ሚጢጢ ጠርሙሷን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አባባ ነው የሚከፍተው።»

«አባባ ጥርሱን አሞታል የኔ ቆንጆ፤ አልሰማሽም እንዴ ሲያወሩ?»

«በጥርስ አላልኩም» አለች።

ከወንበሯ ወርዳ ጠረጴዛውን ዞረችና ጠርሙሷን አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። የጠርሙስ ባለቤት እንደዚያ ነው የሚቆመው።

አባቴ ጠርሙሱን ያዘ። እናቴን አየ፣ ከዚያ የእሷን መክፈቻ አነሳ። አገላበጠው። ሶፋ አፍርሶ የሚገጥም ሰው ነው፣ የማያውቀው መዶሻና ጉጠት የለም፤ ይህንን ግን ነክቶት አያውቅም።

«በየት በኩል ነው?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እናቴ ተነስታ ከጀርባው ቆመችና እጇን በእጁ ላይ አደረገች።

«ከላይ አሳርፈው። እንደሱ። አሁን ከሥር ያዝና ወደ ላይ ሳብ።»

የመጀመሪያው አዳለጠው። ሁለተኛው የቆርኪውን ጠርዝ ብቻ አጠመመ። ማንም «አምጣው ልክፈትልህ» አላለም፣ ኮሚክ ቢሆንም ማንም አልሳቀም። በሦስተኛው ጧ አለና አረፋው በእጃቸው ላይ ፈሰሰ፣ በሁለቱም።

አባቴ ጠርሙሱን አተኩሮ አየው።

«ድምፁ የጠርሙሱ ነበር እንዴ?»

«የማን መስሎህ ነበር?» አለች እናቴ።

«የኔ።»

ሚጢጢ አጨበጨበች። ቆርኪዋንና ጠርሙሷን ተረክባ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ዓይኗን ጨፈነች። ታላቅ ወንድሟ፣ ያ በምንም የማይገረመው፣ ጠርሙሱን ይዞ ከኋላዋ መቆሙን ያየሁት ያኔ ነው። ከእሱ ኋላ እናታቸው ቆመች። እኔም ጠርሙሴን አነሳሁ፤ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ የራሴ መክፈቻ ተጋድሟል። ወንድሜ የያዘውን መክፈቻ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ከኋላዬ ተሰለፈ።

አባቴ እጅጌውን ሰበሰበ። እጁ አልለመደም፤ አንዱን ቆርኪ ጠረጴዛው ሥር አስፈነጠረው፣ አንዱ ላይ አውራ ጣቱን ላጠ፣ የወንድሜን ሲከፍት ሸሚዙን አራሰለት። ዶሮው ይበልጥ ቀዘቀዘ። ማንም አላጣደፈውም። ተራዬ ሲደርስ «ስትጨርሽ ተጉመጥመጪ፣ ዶክተር» አለኝ፣ ጠርሙሴን ሲያቀብለኝ።

አለቀ ብለን ሁላችንም ስንቀመጥ እናቴ ከሳጥኑ የመጨረሻዋን ጠርሙስ አንስታ ፊቱ አስቀመጠችለት። እናቴ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ከውሃ ሌላ ጠጥታ አታውቅም፤ ስኳሩ ራሴን ያዞረኛል ትላለች።

«አንቺ ለስላሳ አትጠጪም» አላት አባቴ።

«እጠጣለሁ መች አልኩህ? ክፈትልኝ ነው ያልኩህ።»